ቆማ የከረመችው ወይዘሮ

መኪናዋ ስትቆም ጤነኛ ነበረች። ይህን ያወቅኩት በጣም ዘግይቼ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ የማውቀው ሌላ ነበር፤ «ወይዘሮዋን አሟታል፣ ትንሽ ትረፍ» ያለኝ አባዬ ራሱ ነው። አባዬ ደግሞ በሌላ በሌላው ቢቀልድም ስለ መኪና አይዋሽም ነበር።

«ወይዘሮ» የሚላት እሱ ነው። ከእኔ በሃያ ሁለት ዓመት የምትበልጥ፣ የወተት ቀለም ያላት፣ ፊቷ ክብ፣ ኋላዋ ሾጠጥ ያለ የቤት መኪና ነበረች። እኔ ከመወለዴ በፊት አንድ ጋራዥ ጓሮ ሣር በቅሎባት አግኝቷት፣ ብሎን በብሎን ፈቶ እንደገና የገጠማት እሱ ነው። በሯ ሲዘጋ እንደ ሌሎቹ መኪኖች ጓ አይልም፤ ድፍን ያለ፣ የረጋ ድምፅ ነበረው። በእሷ ስንሄድ መንገድ ላይ ያሉ ሽማግሌዎች ቆም ብለው ያዩናል። እኔም የኋላው ወንበር ላይ አንገቴን አስግጌ እንደ ባለሥልጣን ልጅ እቀመጥ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ግቢያችን ውስጥ ከግንቡ ሥር አስጠግቶ አቆማት። ሸራ አለበሳትና ቁልፏን ቁም ሣጥን ውስጥ ከተተው። በዚያው ሰሞን እሱም ሥራ መሄድ አቆመ። የአንድ ትልቅ ጋራዥ ዋና መካኒክ ነበር። «ፈቃድ ላይ ነኝ» አለኝ። ፈቃዱ ሁለት ዓመት ሲሞላውም አልገረመኝም፤ ብዙ ዘመን የሠራ ሰው ብዙ ፈቃድ ይሰጠዋል ብዬ ነው ያሰብኩት።

በእነዚያ ሁለት ዓመታት አባዬን ቀስ በቀስ ቂም ያዝኩበት። ቀኑን ሙሉ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ይውላል። ውሃ ሲፈልግ እኔን ወይ እማዬን ይጠራል። ደብዳቤ ሲመጣ «እስቲ አንብቢልኝ» ይለኛል። የትምህርት ቤት ውጤቴን ስሰጠው እንኳ ወረቀቱን ይዞ ትንሽ ይቆይና «አንቺው ንገሪኝ፣ ከአፍሽ ልስማው» ብሎ ይመልስልኛል። የሚፈትነኝ ይመስለኝ ነበር። እሱ ቀድሞ አይቶት፣ እውነቱን እንደምናገር ሊያጣራ። ስለዚህ አንድም ቀን ዋሽቼው አላውቅም፤ ምን ዋጋ አለው፣ ይደርስብኛል። እማዬ ግን አርፋ አታውቅም። የቤቱን ሥራ ትጨርስና ታይፕራይተሯ ጋ ትቀመጣለች፤ የሰው ማመልከቻ፣ የሰው ውል ስትተይብ ጣቶቿን ማየት ያዳግታል። አንዱ ተቀምጦ አንዷ የምትሮጥበት ቤት ትክክል አልመስልሽ አለኝ።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ አጎቴ መጣ። የአባዬ ታናሽ ወንድም ነው። ድምፁ ወፍራም፣ ልቡ ቡቡ፤ የሚወደው ሰው ሲያዝን ማየት ስለማይችል ያዘነውን ሰው ይቆጣል። እኔ መስኮቱ ሥር የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ነው፤ እነሱና እማዬ በረንዳው ላይ ናቸው።

«የግራውስ?» አለ አጎቴ።

«የግራው ከጠፋ ቆየ» አለ አባዬ። «የቀኙም ጭል ጭል ነው የሚለው። ፊት ለፊቱን እንጂ ጎን ጎኑን አያሳይም።»

«አይመለስም?»

«አይመለስም ብለዋል። የቀረው እንዳይሄድ መጠበቅ ነው።»

አጎቴ ከወንበሩ ተነሳ። ከዚያ ቁጣው መጣ። «ታዲያ ይቺን ብረት እዚህ ገትረህ ምን ትሠራልሃለች፣ ወንድም ጋሼ? እሷን እያሰብክ ልትብሰለሰል ነው? ለመለዋወጫ የሚፈልጋት ሰው አለኝ። የፊታችን እሁድ ይዤው ልምጣ።»

«መጀመሪያ ቅዳሜን እንያት» አለች እማዬ።

«ቅዳሜ ምን አለ?»

እማዬ ድምፅዋን ዝቅ ስላደረገች ቀሪውን አልሰማሁም።

እኔ የገባኝ ስለ መኪና መብራት ነው። የግራው ጠፍቷል፣ የቀኙ ጭል ጭል ይላል፣ የማይመለስ ከሆነ መኪናዋ ትሸጣለች። የሚያወሩት ስለ አባዬ ዓይኖች መሆኑን ለማወቅ አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። የግራ ዓይኑ የጠፋው ገና ጋራዥ እያለ ነው። የቀኙም በቱቦ ውስጥ እንደሚያይ ሰው ጠቦ ጠቦ፣ የቀረችው እይታም ደብዝዛ ነበር። በቀን ሁለቴ የሚያንጠባጥበውን መድኃኒት «ለአቧራ ነው» ብሎኛል። ወይዘሮዋን ያቆማትም ታማ አይደለም፤ አንድ ቀን ከግራ በኩል የመጣ ባለብስክሌት ሳያየው ቀርቶ ለጥቂት ስለተረፈ ነው። ይህን ከእማዬና ከአጎቴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። እኔ እንዳላዝንለት ብሎ ነው የደበቀኝ። አላዘንኩለትም፤ ተቀየምኩት እንጂ።

ያን ዕለት እማዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የተናገረችውንም ያወቅኩት በኋላ ነው። ዳገቱ ጫፍ ላይ ያለው መዋዕለ ሕፃናት፣ ስድስት ልጆችን ጠዋት የሚያመጣ፣ ከሰዓት የሚመልስ፣ የራሱ መኪና ያለው ሰው ይፈልግ ነበር። ዳይሬክተሯ ለእማዬ «ቅዳሜ አራት ሰዓት መኪናዋን አምጫትና ልያት» ብላታለች። የሚተየብ ነገር የሚያመጣ ሰው በየወሩ እየቀነሰ ነበርና ቤታችን የቆመው በዚያ ቅዳሜ ላይ ነበር።

ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሸራው መሬት ላይ ተጥሏል፤ የወይዘሮዋ ኮፈን ተከፍቷል። እማዬ የአባዬን አሮጌ ቱታ ለብሳ፣ እጅጌውን ሦስት ጊዜ ጠቅልላ፣ ግማሽ አካሏ ሞተሩ ውስጥ ገብቷል። አባዬ ወንበሩን ከበረንዳው አስመጥቶ መኪናዋ አጠገብ ተሰይሟል። እግሩን አነባብሮ ያዛል።

«ቀዩ ገመድ የቱ ጋ ነው?»

«ይኸው።»

«እስቲ ጫፉን በእጄ አስይዢኝ። … ዝጓል። ጠርጊው።»

ደሜ ፈላ። «አባዬ፣ አንተ መካኒክ አይደለህ? ለምን አንተ አትሠራም?» አልኩት።

«ሚጣ፣ ዝም በይ» አለች እማዬ ቀና ሳትል።

አባዬ ፈገግ አለ። «የእናትሽ እጅ ከእኔ እጅ ይሻላል። ሃያ ዓመት ታይፕ የመታች ጣት፣ ብሎን ምኗ ነው?»

ቦርሳዬን ወርውሬ ገባሁ።

ማክሰኞ እማዬ ባትሪውን ቻርጅ ከሚያደርጉበት ቤት በእጅ ጋሪ እየገፋች አመጣችው። አንገቷ ላይ ላብ ይንቆረቆራል። ገመዶቹን አሠረችና አባዬ «መጀመሪያ መብራቱን ሞክሪ፣ ባትሪው መያዙን እንወቅ» አላት። እኔ እሁድ የሰማሁትን አልረሳሁም፤ ሮጬ ከፊት ለፊት ቆምኩ። አቧራ የጠገቡት ሁለቱ መስታወቶች እኩል ቦግ አሉ። የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አስታውሰዋለሁ።

«አባዬ፣ አይሸጧትም» አልኩት። «ሁለቱም በርተዋል። የግራውም ጭምር። ጠፍቷል ያልከው የግራውም እኮ በራ።»

የእማዬ እጅ ማብሪያው ላይ ቀረ። አባዬ እጁን ዘረጋ፤ መጀመሪያ ትከሻዬን፣ ከዚያ ራሴን አገኘና ፀጉሬን ዳበሰኝ።

«አየሽ» አለ፣ «ገና አላለቀላትም።»

እማዬ ጨርቅ ላምጣ ብላ ገባች። ጨርቁ ግን ትከሻዋ ላይ ነበር። ከቤት እስክትወጣ ብዙ ቆየን።

ሞተሩ ዞረ እንጂ አልነሳ አለ። አባዬ ከቱቦው ጥቂት ቤንዚን መዳፉ ላይ እንድታንጠባጥብለት ጠየቃትና አሸተተው። «ይሄ ቤንዚን አይደለም፣ የበር ቀለም ነው። ሁለት ዓመት ቆሞ ሙጫ ሆኗል። ይሄን አጠጥተናት ተነሺ ማለት ነውር ነው።» ሙሉውን አስቀዳት። ባልዲ ውስጥ የወረደው ነገር የሻይ ቀለም ነበረው። አዲስ ቤንዚን በጀሪካን መጣ። ከዚያ ካንዴላዎቹ ተፈቱ፤ እሳት የሚጭሩት አራቱ። አባዬ አንድ በአንድ በጣቶቹ መሃል እያሽከረከረ «ይቺ እርጥብ ናት፣ ይቺ ደረቅ» ይላል። ከዚያ ለእኔ ያቀብለኛል።

«ቀለሟ ምንድነው?»

«ጥቁር።»

«የጥላሸት ጥቁር ነው ወይስ የዘይት ጥቁር?»

«የጥላሸት።»

«ጎበዝ።»

ዞሬ ለራሴ አጉረመረምኩ። በትምህርት ቤቱ ፈተና አልበቃ ብሎ እቤትም ፈተና። እማዬ በዚህ መሃል ፑንቲናውን፣ እሳቱ እንዲፈጠር እየተከፈተ የሚዘጋውን ቁራጭ፣ በብርጭቆ ወረቀት ታሻሸዋለች። ክፍተቱን የለኩት ከክብሪት ሣጥን በተቀደደች ካርቶን ነው። አባዬ ካርቶኗን መሃሉ አስገብቶ ሲስባት፣ ስትያዝና ስትለቅ በጣቱ ይሰማዋል። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚሠራው። ጉራውን ነው ብዬ ነበር።

ረቡዕ ተነሳች። ነጭ ጭስ አወጣች፣ አስነጠሰች፣ መላ አካሏ ተንዘፈዘፈ። ቾኩ፣ ለቀዝቃዛ ሞተር አየር የሚቀንሰው ዘንግ፣ ተስቦ እያለ እንደምንም ትተነፍሳለች፤ እማዬ ስትገፋው ወዲያው ትሞታለች። ሦስት ጊዜ ሞከሩ፣ ሦስት ጊዜ ሞተች።

«አንድ ጊዜ ደግሞ አስነሺያትና ሁላችሁም ዝም በሉ» አለ አባዬ። ተነሳና ሞተሩ ላይ ጎንበስ አለ። ጆሮውን ወደ ካርቡራተሩ፣ ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቀልበት፣ አዘነበለ። እኔ የሚሰማኝ የብረት ጩኸት ብቻ ነው።

«አየር ትሰርቃለች» አለ። «ከካርቡራተሩ ኋላ፣ ታች በኩል ቀጭን የጎማ ቱቦ አለ። ከሥሩ ጣትሽን ላኪ።»

እማዬ እጇን እስከ ክርኗ ከተተች። «የለም … ቆይ። ቆይ፣ አገኘሁት። ክር የምታህል ስንጥቅ አለችው።»

«እሷ ናት ስስስ የምትለው።»

እማዬ ቀና ብላ አየችው። በዚያ ግርግር ውስጥ ፊቷ ላይ ያየሁትን ያኔ ስም አልሰጠሁትም። አሁን ባለትዳር ስለሆንኩ አውቀዋለሁ። ባሏ ያኮራት ሴት ፊት ነው።

ቱቦው ተቀየረ፤ ድምፅዋም ተሻለ፤ ግን በደንብ አልዳነችም። ነዳጅ ሲሰጧት ትሮጣለች፣ ሲለቋት ትጠፋለች። «ነገ ካርቡራተሯን ፈትተን እናጥባለን» አለ አባዬ።

ራት ላይ ሳህን ላነሳ ወደ ማድ ቤት ስገባ ከኋላዬ ሲያወሩ ሰማሁ።

«ቅዳሜ ከተሳካ ከሰኞ ጀምሮ እኔ እወጣለሁ» አለች እማዬ። «ብቻችሁን መቅረታችሁ ሊከብደኝ ነው።»

«አንቺ ውጪ። እኛ እንለምደዋለን። ሚጣ ትልቅ ልጅ ናት።»

ሳህኑን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። በነጋታው ከትምህርት ቤት እንደመጣሁ የእማዬን መሳቢያ ከፈትኩ። ከልብሶቿ ሥር፣ ፎቶዋ ያለበት፣ ማኅተም የተመታበት ትንሽ ደብተር አገኘሁ፤ ደንግጬ ጽሑፉን ሳላነብ መለስኩት። የጎረቤታችን ትልቋ ልጅ ባሕር ማዶ ስትሄድ እንዲህ ያለ ደብተር ነበር የያዘችው። እማዬ ሁለት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት «ጉዳይ አለኝ» እያለች የት እንደምትሄድ በዚያች ቅጽበት ገባኝ፤ ማለት የገባኝ መሰለኝ። ልትሄድ ነው። ቱታ ለብሳ የምትሠራት መኪና እሷን የምትወስዳት መኪና ናት። አባዬ ሰነፍ ስለሆነ መሯት ጥላን ልትሄድ ነው። እሱም ያውቃል፤ እየረዳትም ነው።

ካርቡራተሩ የማድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ፣ በትልቅ ትሪ ላይ ተበታትኖ ነበር። ቤንዚን ይሸታል። እማዬ እያንዳንዱን ቁራጭ በቀለም ብሩሽ ታጥባለች፤ አባዬ ይዳስስና በተራ ይደረድራል። በመጨረሻ ከጥፍር የምታንስ የነሐስ ብሎን አነሳ። መሃሏ ቀዳዳ አለ፤ መርፌ እንኳ የማያስገባ።

«መኪና ስትቆም የምትተነፍሰው በዚች ነው» አለኝ። «ነፍቼባታለሁ። እስቲ ወደ መስኮቱ አንሺያትና በቀዳዳዋ እዪ። ብርሃን ይታይሻል?»

አነሳኋት። አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ። በቀዳዳው ውስጥ ጨለማ ነበር። ድፍን ያለ ጨለማ።

እማዬን አየኋት። ጀርባዋን ሰጥታ እጇን ትታጠባለች፤ ቱታው ትከሻዋ ላይ ሰፍቷት ልጅ መስላለች።

«ይታየኛል» አልኩ።

«ጥርት ብሎ?»

«ጥርት ብሎ።»

እጁን ዘረጋና ወሰዳት። ጠበቅኩ። አሁን እሱም ወደ መስኮቱ አንስቶ ያያታል፣ ይደርስብኛል፣ ይቆጣኛል፣ እኔም አለቅሳለሁ፣ ሁሉም ነገር ይወጣል። ምናልባት እንዲያውም የፈለግኩት ያንን ነበር። አባዬ ግን ብሎኗን ወደ ዓይኑ አላነሳትም። በአውራ ጣቱ ቦታዋን ፈልጎ ገጠማት፣ በካቻቢቴ አጠበቃት፣ «ይሄው አለቀ» አለ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋሽቼው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያጣራ አመነኝ።

ዓርብ ወይዘሮዋ ተነሳች፤ ግን ነዳጅ ሲለቋት አሁንም ታጣጥራለች። እማዬ ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሯ የሚዞርበትን ፍጥነት በብሎን ከፍ አደረገችላትና ሳትጠፋ ቆመች። አባዬ አልወደደውም። «ይሄ ጩኸት እንጂ ጤና አይደለም» አለ። «ካርቡራተሯ ንጹሕ ነው፤ ምን ቀራት?» ማታውን ሁሉ ሲያስብ ነበር። እኔም አልተኛሁም።

ቅዳሜ እማዬ ነጭ ሸሚዟን ለበሰች። አባዬ ከጎኗ፣ እኔ ከኋላ። አጎቴ በፒክአፑ ተከተለን፤ «መንገድ ላይ ብትቀር የሚጎትታት ሰው ያስፈልጋል» ብሎ። እማዬ ስትነዳ ሳይ ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነው። መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ዳገቱ ሥር ስንደርስ አባዬ መዳፉን ዳሽቦርዱ ላይ አኖረ።

«ሁለተኛ አድርጊያት። አትፍሪ፣ ትችላለች። አንቺም ትችያለሽ።»

ወይዘሮዋ ወጣች። እያጓራች፣ አንዴም ሳትንገዳገድ፣ ሽቅብ ወጣች። በስፖኪዮው የአጎቴ ፒክአፕ ወደ ኋላ ሲቀር አየሁ፤ ፍርሃቴን ረስቼ ልስቅ ምንም አልቀረኝም። የመዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ዳይሬክተሯ ቆማለች፤ ረጅም፣ መነጽር ያደረገች፣ የማትቸኩል ሴት። እማዬ ቆመች። እግሯን ከነዳጁ አነሳች። መኪናዋ ሁለት ጊዜ ተንዘፈዘፈችና ጠፋች።

አስነሳቻት። ጠፋች። እንደገና አስነሳቻት። ጠፋች።

«ሕፃናት ይዘሽ መንገድ መሃል እንዲህ ብትሆንስ?» አለች ዳይሬክተሯ። በክፋት አይደለም፤ የእውነት ጥያቄ ነበር። እማዬ ጆሮዋ ቀልቶ መሪውን እንደያዘች ቀረች። አጎቴ ደርሶ ከፒክአፑ ወርዷል፤ መሬት መሬት ያያል።

አባዬ ወጥቶ ኮፈኑን ከፈተ። እጁን ከቱቦ ቱቦ እያስኬደ ይዳስሳል። «ገመዱ ይሆናል» አለ። «ወይ ፑንቲናው ተንሸራቶ ይሆናል። ካርቡራተሩ እንኳ ንጹሕ ነው፣ እመቤቴ። ልጄ በዓይኗ አይታዋለች።»

ይህን የተናገረበት ድምፅ አለ። ስለ አንድ የታወቀ ባለሙያ የሚናገር ነበር የሚመስለው።

«አላየሁም» አልኩ።

ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

«ብርሃን አልነበረም። ጨለማ ነው ያየሁት። እማዬ እንዳትሄድ ብዬ ነው።»

«ወዴት ነው የምሄደው?» አለች እማዬ።

«ሰኞ። እወጣለሁ ስትዪ ሰምቻለሁ። ፎቶሽ ያለበት ደብተርም አይቻለሁ።»

እማዬ ለአፍታ አልገባትም። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ያችን ትንሽ ደብተር አወጣችና እጄ ላይ አኖረችው። «አንብቢው» አለችኝ። አነበብኩ። መንጃ ፈቃድ ይላል። ጠዋት ጠዋት የምትሄደው መንዳት ልትማር ነበር። ለማንም ያልተናገረችው ብወድቅስ ብላ ፈርታ ነው። የምትወጣውም እስከዚች በር ድረስ ነበር፤ ከቤታችን የሩብ ሰዓት መንገድ።

ማልቀስ ጀመርኩ። አባዬ መጥቶ ፊቴ ቁጢጥ አለ።

«ጨለማ ነበር ያየሽው?»

ራሴን ነቀነቅኩ። ዝም ብሎ ሲጠብቀኝ «አዎ» አልኩ።

«ድፍን ጨለማ?»

«ድፍን።»

«እንግዲያው በሽታዋን አገኘነው» አለ። ቀጥሎ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለእኔ ብቻ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ያላየሽውን አየሁ አትበይኝ። ሌላ የምጠይቅሽ ነገር የለኝም» አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

እማዬ የነጭ ሸሚዟን እጅጌ ሰበሰበችና ብሎኗን ፈታች። አባዬ ዳይሬክተሯን መጥረጊያ ይኖራት እንደሆነ ጠየቃት። እሷም ራሷ ሄዳ አመጣች። ከመጥረጊያው ቀጭኗን ጭራ ነቅሎ በቀዳዳዋ ውስጥ ቀስ እያለ አመላለሳት፣ ነፋባት፣ ደግሞ አመላለሳት። ከዚያ ብሎኗን ለእኔ ሰጠኝ።

ወደ ሰማይ አነሳኋት። ቸኩዬ አልመለስኩም። መጀመሪያ ጨለማ ነበር፤ ትንሽ ሳዞራት የመርፌ ጫፍ የምታህል ሰማያዊ ነጥብ መጣች። ክብ ናት። ጫፏ ላይ ግን ጉድፍ አለባት።

«ይታየኛል፤ ግን በአንድ በኩል ቆሻሻ አለ» አልኩ።

ደግሞ ጠረጋት። ደግሞ አየሁ። «አሁን ድፍን ክብ ነው።»

እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝና በቀጥታ ለእማዬ ሰጣት። ዳይሬክተሯ ይህን ሁሉ ስትመለከት ቆይታ ነበር። እኔ ቀድሜ አንዴ የዋሸሁ ልጅ ነኝ፤ መጠየቋ አይፈረድባትም።

«እርስዎስ አያዩትም?» አለችው።

«እኔ አላይም» አለ አባዬ። «እሷ ካየችው በቂዬ ነው።»

ዳይሬክተሯ ፊቱን ትክ ብላ አየችው፤ ከዚያ ምንም አልጠየቀችም። እኔ ደግሞ ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ። «አላይም» ሲል ማየት አያስፈልገኝም ማለቱ ነው ብዬ፣ ልጄን ስለማምን አላጣራም ማለቱ ነው ብዬ፣ አራት ዓመት ሙሉ በዚያች ቃል ስኮራ ኖርኩ። እማዬ ስለ ዓይኑ የነገረችኝ ቀን ያቺን ቃል እንደገና ሰማኋት። አባዬ ለባዕድ ሰው፣ በአደባባይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አላይም ያለው ያን ዕለት ነበር። ዳይሬክተሯና አጎቴ የሰሙት ያንን ነው። ኩራቴ ግን አልቀነሰም። የማያይ ሰው ዓይን አድርጎኝ ነበር፤ ያውም በዋሸሁት በሦስተኛው ቀን።

እማዬ ያቺን የነሐስ ብሎን ወደ ቦታዋ መለሰችና ቁልፉን አዞረች። ወይዘሮዋ ተነሳች፤ እግሯን ከነዳጁ አነሳች፤ አልጠፋችም። ድምፅዋ ወረደ፣ ወረደ፣ ረጋ። ዳይሬክተሯ ሰዓቷን እያየች አምስት ደቂቃ ቆመች፤ አባዬ እያዳመጠ፣ አጎቴ በመሐረቡ ላቡን እየጠረገ። «ሰኞ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ የመጀመሪያውን ልጅ ታነሺያለሽ» አለች ለእማዬ። «እንዳታረፍጂ።»

እሁድ አጎቴ መለዋወጫ ፈላጊውን ሰውዬ ይዞ አልመጣም። ብቻውን መጣ፤ ፒክአፑን ግቢ ውስጥ አቆመና ኮፈኑን ከፈተ። «ዳገቱ ላይ ምን እንደሚያስነክሳት አላውቅም» አለ። «እስቲ ስማልኝ፣ ወንድም ጋሼ።» ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ስንት መኪና ግቢያችን እንደገባ ቆጥሬ አልዘልቀውም። መካኒኮች ሳይቀሩ ያቃታቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። እሱ ይሰማል፣ ይዳስሳል፣ ያሸታል። ማየት ሲያስፈልግ ይጠራኛል። እማዬም አሥራ አንድ ዓመት ነዳች፤ ያመላለሰቻቸው ልጆች ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኟት ወላጆቻቸውን ሰላም እንደሚሉ ሆነው ሰላም ይሏታል።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ያንን ሰኞ ጠዋት ነው። እማዬ ወጣች። አባዬ የግቢውን በር ይዞ ቆመ፤ እኔም የትምህርት ቤት ቦርሳዬን እንዳነገትኩ ከጎኑ።

«ሦስተኛ አስገባች» አለ። «ዳቦ ቤቱ ጋ ናት። … ዞረች። … አሁን ልጅ ልትጭን ነው የቆመችው።»

ቆመች፣ ሄደች፣ እንደገና ቆመች፤ ስድስቱን ቤት አንድ በአንድ ቆጠረልኝ። እኔ ከሁለተኛው ቤት ወዲህ ምንም አልሰማሁም፤ ግን አልነገርኩትም። ፊቱ ወደ ዳገቱ ዞሯል። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ነበር፤ ፀጉሩንም አበጥሮ ነበር።

«ዳገቱን ያዘች» አለ። አገጩን ከፍ አድርጎ አዳመጠ። «ወጣች። አላጠፋቻትም። ትሰማለሽ? ቆማ እየሠራች ነው።»

ጎረቤታችን የሆኑ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ሲያልፉ ቆም አሉና «ደኅና አደርክ? ማንን ነው በጠዋት የምትጠብቀው?» አሉት።

«ማንንም» አለ አባዬ። «ባለቤቴ ስትነዳ እየሰማሁ ነው።»